የማይቀየር ትኬት

«አንድን ይጫኑ አለኝ፣ ተጫንኩ። አሁን ደግሞ ሦስትን ይጫኑ ይላል» አለች ሄመን፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ።

ሊቤ የወንድሟ ልጅ ሄመን የያዘችው ስልክ ውስጥ ገብታ፣ እዚያ ያለውን ሰው ክንዱን ይዛ ብታወጣው ደስ ባላት። ከቡራዩ አስፋልት ዳር፣ በሩ በተቆለፈ ሱቅ በረንዳ ላይ ልጇ ጂሬኛ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሲያዩት ግን ዘጠኝም የሞላው አይመስልም። የልቡ በር ጠብቧል። ሕንድ አገር ሄዶ ካልተሠራለት መጪውን ክረምት አያይም ብለዋል ሐኪሞቹ። የሕንዱ ሆስፒታል ቀን ቆርጦ ሰጥቷል፤ አውሮፕላኑም ዛሬ ማታ ይነሣል።

ከበረንዳው በታች መንገዱ በድንጋይና በተቃጠለ ጎማ ተዘግቷል። የአዲስ አበባ ማስፋፊያ ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊበላ ነው ብለው የወጡት የሰፈሩ ወጣቶች፣ እንኳን መኪና አህያም አናሳልፍ ብለዋል። ከድንጋዩ ወዲያ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወዲያ ወታደሮች፣ ከወታደሮቹ ወዲያ አዲስ አበባ። ጂሬኛ ከአልጋው እስከ ደጅ ሲሄድ ከንፈሩ የሚጠቁር ልጅ ነው። እዚህም ያደረሰው የጎረቤት ጋሪ ነው፤ ባለጋሪው ድንጋዩን ሲያይ አራግፏቸው ተመለሰ።

ትኬቱን የገዛችው ሄመን ናት፣ ኢንተርኔት ላይ በርካሽ ከሚሸጥ ድርጅት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሲገዙማ እንዴት ያለ ፍቅር ነበር! «መልካም ጉዞ» ብሎ የአበባ ሥዕል ሁሉ ልኮላቸው ነበር። ቀን ቀይሩልን ሲባል ግን ቢሮ የለው፣ በር የለው፣ የሚጮኹበት መስኮት የለው፤ ላም አለኝ በሰማይ። አየር መንገዱ «የሸጠላችሁን ጠይቁ» ብሏቸዋል። ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ሰንብቷል። የቀረው ይህ የውጭ አገር ስልክ ቁጥር ነው፤ እሱም ካርድ እንደ ጉድ ይበላል። አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ካልተቀየረ ትኬቱ ተቃጠለ ማለት ነው። ሌላ መግዣ ከየት ይመጣል? ለዚህኛው እንኳ ዕድሩም ቤተ ዘመዱም ተራቁቷል።

ስልኩ የሚያስጠብቅበት ሙዚቃ ቆመና የሴት ድምፅ መጣ። ሄመን በእንግሊዝኛዋ ለመነች፣ ደገመች፣ ፊደል በፊደል እየቆጠረች የትኬቱን ቁጥር ነገረች።

«ማል ጄቲ? ምን አለች?» አለች ሊቤ።

«በጣም አዝናለሁ አለች።»

«ካዘነች ትቀይርልና!»

«ርካሽ ትኬት አይቀየርም አለች፣ አዳዳ» አለች ሄመን አክስቷን እየጠራች። «መንገድ ተዘግቶብን ነው ብላት፣ እንግዲያው መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አምጡ አለች። ማኅተም ያለው።»

ሊቤ የድንጋዩን ክምር አየች። ቀበሌው ተዘግቷል፣ ሊቀ መንበሩ የገባበት አይታወቅም። መንገድ መዘጋቱን ጽፎ ማኅተም የሚመታ የትኛው ጀግና ነው?

«ልጄን አሳዪያት።»

«አይታያትም፣ ድምፅ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ድምፁን ትስማዋ!» ሊቤ ስልኩን ነጥቃ የጂሬኛ ደረት ላይ ለጠፈችው። ልጁ አፍሮ ዓይኑን ጨፈነ። ደረቱ ይንኳኳል፣ ይንተፋተፋል። ከስልኩ ውስጥ ሴትዮዋ «ሃሎ? ሃሎ? አይሰማኝም» አለች። ቀጥላም አለቃዬን ልጠይቅ፣ ይጠብቁ አለችና ሙዚቃው ተመልሶ መጣ።

ያኔ ሊቤ ውስጥ የቀረችው ቀጭን ክር ተበጠሰች። ከሱቁ ደጅ የበቀለውን ሰርዶ በሁለት እጇ ነጭታ፣ ስልኩን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ፊቱ ተንበረከከች። በዚህ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው ዝም ብሎ አልፎ የሚሄድ የለም፤ ደመኛ እንኳ ቆሞ ይሰማል። ሊቤም ሌላ የምታውቀው ልመና የላትም።

«ተነሺ፣ አዳዳ! ሙዚቃ እኮ ነው!» ሄመን አለቀሰች። «ለሙዚቃ ነው የተንበረከክሽው!»

«ይሁና! ባለቤቱ ይሰማኝ ይሆናል።»

ከታች ኮቴ ተሰማ። የመንገድ ዘጊዎቹ መሪ ዋቆ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ እየሮጠ መጣ። ስልክ የሚያወሩ ሰዎች በረንዳው ላይ አሉ ሲባል፣ ለወታደር የሚጠቁሙ መስሎት ነው። «ለማን ነው የምታወሩት?» ብሎ ዱላውን ሲያነሣ ሣሩን አየ። ዱላው ከእጁ ወደቀ።

«አዴ ሊቤ፣ ምን ሆነው ነው?»

ሊቤ በጉልበቷ እንዳለች ዞረች። እነሱን ለመለመን ጨርሶ አላሰበችም ነበር። ስንቶቹን ሕፃን ሳሉ አዝላቸዋለች፤ ይህን ሰሞን ግን ዓይናቸው ስለሚያስፈራት በዚያ በኩል ማየት ትታ፣ ከባሕር ማዶ ያለችውን ስትማጸን ዋለች። «ልጄን አሳልፉልኝ» አለች።

«ምነው ቀድመው ቢነግሩን?» ዋቆ ጂሬኛን ቀስ ብሎ አነሣውና ጀርባው ላይ አደረገው። ጓደኞቹ ሮጠው ድንጋዩን ገለል ገለል አደረጉ። ስልኩ ካርዱን ጨርሶ ዝም ማለቱን ማንም ልብ አላለም። ሄመን ስልኩን ከነፓስፖርቱ ለቀም አድርጋ ተከተለች።

ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ከማዶ «ቁም!» የሚል ድምፅ መጣ።

ዋቆ ቆመ። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። «ከዚህ ወዲያ እኔ ካለፍኩ ይተኩሳሉ፣ አዴ። እነዚያ ደግሞ የሣሩን ነገር ይወቁት አይወቁት እንጃ።»

«ስጠኝ» አለች ሊቤ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ጎንበስ ብላ።

ልጇ ትኩስ ትንፋሹን ማጅራቷ ላይ ለቀቀው። ከማዶ አንዱ ወታደር አፈሙዙን ከፍ አደረገ። ሊቤ ሁለት እጆቿ የልጇን ጭኖች ስለያዙ፣ ሰርዶውን በጥርሷ ነክሳ ድልድዩ ላይ ወጣች።