የየሺመቤት ሽሮ

በዚያ ዘመን የከተማው አዲስ ምድጃ ሁሉ በጋራው መዝገብ ከሰፈረ የምግብ አሠራር ውጭ አይበራም ነበር። አቶ ደምመላሽ ሚስታቸውን ወይዘሮ የሺመቤትን ከቀበሩ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። የድሮው ምድጃቸው ባለፈው ሳምንት ተነስቶ በአዲሱ ሲተካ፣ የሚስታቸውን ደብተር ይዘው ሽሮዋን ሊያስመዘግቡ ሄዱ።

“መዝገቡ ውስጥ አርባ ዓይነት ሽሮ አለ እኮ፣ አባባ” አለቻቸው የመዝገቡ አርታኢ ትርሲት።

“የእሷ የለም።”

ትርሲት ደብተሩን ገልጣ አነበበች፦ “ደሜ ዜናውን ሰምቶ እስኪነሳ ይንተክተክ።” ቀና አለች። “ይሄ ስንት ደቂቃ ይሆናል? የምንጽፈው በቁጥር ብቻ ነው።”

“እንደ ዜናው ነዋ፣ ልጄ።”

“ዜናው ሲረዝምስ?”

“ያርራል። እኔ እንደሆነ ሳልጨርስ አልነሳም ነበር።” ፈገግ ሊሉ ሞክረው አቃታቸው። “አሥራ አምስት በይው።”

“ስምዎትም መውጣት አለበት። የሰው ስም አይፈቀድም።”

ደብተሩ ላይ ያለውን ስማቸውን በጣታቸው ነኩት። “አውጪው” አሉ በመጨረሻ።

ቤት ተመልሰው ሽሮውን ሲጥዱ አዲሱ ምድጃ ሳያስቸግር በራ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሞላም በራሱ ጠፋ። አቶ ደምመላሽ እንጀራ ቆርሰው ቀመሱ። ቅመሙ የእሷ ነው፣ ጨዉም ልክ ነው፣ ከሥሩ ግን ምንም አላረረም። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ያማረ ሽሮ በልተው አያውቁም። ያን ሁሉ ዓመት ምድጃው አጠገብ አቁመው ሲያስጠብቋት እንደኖሩ የገባቸው ገና አሁን ነው። ጉርሻውን በእጃቸው እንደያዙ አለቀሱ።