ፍል ውሃ የነካው ጫማ

ደባርቅ ገበያ የኮንጎ ጫማ እየጠገነ የሚኖረው ያርጋል፣ የተጨማደደ ላስቲክ ፍል ውሃ ሲነካው ወደ ቀድሞ ቅርጹ እንደሚመለስ ያውቃል።

ልጁ አንሙት በአፈሳ ለውትድርና ከተወሰደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ደብዳቤው ከቀረ ደግሞ ዓመት አለፈው። ትቶት የሄደው ጫማ ከገብሱ ጆንያ ስር ተጨፍልቆ ተገኘ።

«አንተ ሰው፣ ተወው። ከእንግዲህ ማን ሊያደርገው ነው?» አለች ሚስቱ ስንቅነሽ።

ያርጋል ግን ጫማውን ፍል ውሃ ውስጥ ነከረው። ላስቲኩ ቀስ እያለ ተፍታታ፤ ተረከዙም ቀና አለ። ጫማው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ድሮ ለልጁ ሲለካ እንደሚያደርገው፣ አፍንጫውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ። አንሙት ያኔ በእግሩ ጣት ከውስጥ ሁለት ጊዜ ገፋ ገፋ አድርጎት ይስቅ ነበር።

አሁንም ከባዶው ጫማ ውስጥ የሆነ ነገር አውራ ጣቱን ሁለት ጊዜ ገፋ ገፋ አደረገው።

ያርጋል ጣቱን አላነሳም።

«ጠበበህ እንዴ፣ ልጄ?» አለ።