ጋሼ እምቢ

የመሰላል ፋብሪካው ተቆጣጣሪ ስም ነበረው፤ ሠራተኛው ግን «ጋሼ እምቢ» ይለው ነበር። ተበይዶ ያለቀውን መሰላል ሁሉ ይፈትናል። ያልጣመውን በቀይ ቀለም ኤክስ አድርጎበት ከግቢው ጀርባ ካለው ክምር ላይ ይወረውረዋል። ክምሩን ዞር ብሎ የሚያይ አልነበረም።

ቤቱ ግን ያምር ነበር። ሚስቱ ለጎረቤት ስታወራ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ባሏ ከፋብሪካው ያላመጣው ብረት የለም ትላለች።

በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንዱን በያጅ ሦስት መሰላል ጣለበት። አራተኛ ከተጣለ እንደሚባረር ለበያጁ ተነገረው። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ደሙ ፈላ። ጋሼ እምቢን አንገቱን አንቆ ከግድግዳ ጋር አላተመው፤ አፍንጫው በደም ታጠበ።

«በዚህ እጄ እገድልሃለሁ» አለው፣ ሠላሳ ሰው እየሰማ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

እሑድ ጠዋት ሚስቱ ለሚያፈሰው ጣሪያ ሠራተኛ ይጠራ ብትል ጋሼ እምቢ እንደ ልማዱ እምቢ አለ። እሷም ገበያ ሄደች። ስትመለስ ባሏ ጓሮ ተዘርሯል፤ ጭንቅላቱ ተከፍቷል። ባልዲው፣ ወንበሩ፣ መሰላሉ ተገለባብጧል። ጎረቤት ደግሞ በያጁ እጁ ደም በደም ሆኖ ከግቢው እየሮጠ ሲወጣ አይቶታል።

የሟች ሚስት ወንድም ፖሊስ አልጠበቀም። መዶሻ ይዞ በያጁን ከቤቱ ከልጆቹ መሐል ጎትቶ አወጣው።

«የቱ እጅህ ነው?» አለው።

በያጁ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄዶ ወድቆ እንዳገኘው፣ ሊያነሳው ሞክሮ እንዳቃተው፣ ደንግጦም እንደሮጠ ተናገረ። ማን ይመነው? መዶሻው ጣቶቹን አንድ በአንድ አደቀቀ። ትልቋ ልጁ አጎንብሳ የሰውየውን እግር ያዘች፤ ገፍትሮ ጣላት።

«እመን!»

«አልነካሁትም፣ ወንድሜ።»

መዶሻው ወደ ጭንቅላቱ ዞረ። እስኪሞት ድረስ አላመነም። የሰፈሩ ሰው ቆሞ አየ፤ የእጁን አገኘ ያለም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የፖሊስ መርማሪ የጋሼ እምቢ ጓሮ ደረሰ። የተጋደመውን መሰላል አነሳው፤ አንዱ ደረጃው ከብየዳው ላይ ተነቅሏል፤ ከጎኑ የጋሼ እምቢ ቀይ ኤክስ አለ።