የምንጩ ስም

«ኡሩራ ነው!» ትላለች ትልቋ እህት፣ በምርኩዟ መሬቱን እየወጋች።

«ኡሉላ!» ትላለች ታናሿ። «እትዬ፣ እርጅናው ከጆሮሽ አልፎ ምላስሽንም ያዘው መሰለኝ።»

ድንጋይ ቀራጩ መሮውን ይዞ በሁለቱ መሃል ቁጢጥ ብሏል። በመናፈሻው ምንጭ ራስ ላይ የሚቆመው ድንጋይ ከፊቱ ተጋድሟል፤ የቀረው የምንጩ ስም ብቻ ነው። መናፈሻው ሳይታጠር እዚህ የነበረውን መንደር የሚያስታውስ፣ ቋንቋውንም የሚያውቅ፣ ከነዚህ ሁለት አሮጊቶች በቀር አልተገኘም።

«እማማ፣ ድንጋይ በላጲስ አይጠፋም» ይላል ቀራጩ እየሳቀ። «እባካችሁ ተስማሙልኝ።»

«ከሷ ጋር? እሷ ከተወለደች ጀምሮ መቼ ተስማምተን!» ትላለች ትልቋ። «እስቲ ሚጢ፣ በኛ ቋንቋ ድንጋይን ምን እንለዋለን?»

«ካላ።»

ትልቋ «ካራ» ልትል አፏን ትከፍትና ትተወዋለች። «ወፍስ?»

«ሺሊ።»

«እናትስ?»

«ኢማሉ» ትላለች ሚጢ፣ ኮራ ብላ።

ትልቋ እህቷን ትክ ብላ ታያታለች። በከተማው ቋንቋ «እርጅና» ስትል ምላሷ ያልተያዘ ሴት፣ በእናቷ ቋንቋ አንዲት «ረ» የላትም።

መንደሩ ሲነሳ ሚጢ በእናታቸው ጀርባ ታዝላ ነው የወጣችው። ከተማ እንደገቡ እናታቸው፣ ልጆቼ የሰው መሳቂያ እንዳይሆኑብኝ ብላ፣ ቋንቋውን ከቤት አስወጣችው። ሚጢ አደገች፣ ወለደች፣ የልጅ ልጅ አየች። ቋንቋው ግን አብሯት አላደገም፤ ያኔ በነበረበት በኮልታፋ ምላሷ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ።

«ምነው እትዬ? ተሳሳትኩ እንዴ?»

ትልቋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ደግሞም ትስቃለች። «እማዬ እኮ እንደዚህ ስትይላት ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው። ሆን ብላ፣ ‹ሚጢዬ፣ እስቲ ድገሚልኝ› ትልሽ ነበር።»

ሚጢ ምንጩን ታያለች። ነገሩ ቀስ እያለ ይገባታል።

«ኡሩራ ነው በይኛ።»

«ኡሩራ ነው፣ እናቴ።»

«ታዲያ ዕድሜዬን ሙሉ ስኮላተፍ እንዴት ዝም ትሉኛላችሁ?»

«በቋንቋችን ማን አናግሮሽ ያውቃል?» ትላለች ትልቋ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ማንስ አናገረኝ?»

ሚጢ አፍንጫዋን ሳብ አድርጋ ወደ ቀራጩ ትዞራለች። «በል፣ የሷን ጻፍ። የትልቅ ሰው አፍ ይሻላል።»

መዶሻው ይጀምራል። ትልቋ የእህቷን አገጭ በሁለት ጣቷ ትይዛለች፣ ልጅ እንደሚያጎርስ ሰው። «በይ ተከተይኝ። ኡ… ሩ… ራ።»

«ኡ… ሩ… ላ።»

«ራ!»

«ቆይ እንጂ፣ አታስቸኩይኝ! ኡ… ሩ…»

መዶሻው ቀጥ ይላል። ሁለቱም ዞር ሲሉ፣ ቀራጩ መሮውን አየር ላይ እንደያዘ፣ እሱም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው።