ልጃቸውን «ሂጂ!» ያሉት አባት

«ሂጂ!»

ልጅቷ የሆስፒታሉ ክፍል በር ላይ ደርቃ ቀረች…

አባቷ በስትሮክ መውደቃቸውን የነገረቻት ጎረቤታቸው ናት። እየሮጠች ነው የመጣችው። ሻርፗ እንኳን ከትከሻዋ ተንሸራቶ መሬት እየጠረገ ነበር።

«አባዬ… እኔ ነኝ እኮ…»

«ሂጂ! ሂጂ! ሂጂ!»

ፊታቸው በአንድ በኩል ተጣሟል። ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ብሏል። ቃሉ ግን ጥርት ብሎ ነው የወጣው።

ታማሚው፣ አስታማሚው፣ ሁሉም ዞሮ አያት…

ይዛው የመጣችውን ፒጃማ ወንበር ላይ አስቀምጣ ወጣች።

አባትና ልጅ ለዓመታት ተነጋግረው አያውቁም።

አባት ልብስ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ እናትም አባትም ሆነው ያሳደጓት አንድ ልጃቸው ናት። እሳቸው ያልወደዱትን ሰው አገባለሁ ስትል ግን ደማቸው ፈላ።

«እንግዲያው ከቤቴ ሂጂ!» አሏት።

ሄደች…

እሳቸውም ኮሩ። እሷም ኮራች። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታቱ ነጎዱ።

እና ያን ቀን በሩ ላይ ያንኑ ቃል ስትሰማ፣ «ለካ ሞት አፋፍ ላይ ሆኖም ይቅር አላለኝም» ብላ ነው የተመለሰችው።

ከዚያ በኋላ አልጋቸው ጋ የሚመጣ ሰው ጠፋ።

የጥየቃ ሰዓት ሲደርስ የሌላው ሰው አልጋ በዘመድ ይከበባል። ሳቁ፣ ወሬው፣ «ትንሽ ቅመስ በሞቴ»ው… የእሳቸው አልጋ ጋ ያለችው ወንበር ግን ባዶዋን ትውላለች። የጎን አልጋው አስታማሚ መጥቶ ወስዷት ለራሱ ጠያቂ ይሰጣታል።

እሳቸው በሩ በተከፈተ ቁጥር ዞር ይላሉ። ሌላ ሰው ይገባል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ይመልሳሉ።

ደግሞ ማንም ቢቀርባቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«ሂጂ!»

ክፍሉ ውስጥ «አባባ ሂጂ» የሚል ስም ወጣላቸው።

ምግብ የምታድለው ሴት አንድ ቀን፣ «ምሳዎን ነው ያመጣሁት አባባ!» አለቻቸው።

«ሂጂ!»

«ይዤው ልሂድ?»

«ሂጂ! ሂጂ!»

ሳህኑን ግን በግራ እጃቸው ጥርቅም አድርገው ይዘውታል። ሰው ሁሉ ሳቀ…

የምታገላብጣቸው ነርስ ግን ሆድ ብሷታል። ጀርባቸው እንዳይቆስል ጎናቸውን እየቀየረች፣ የማይታዘዘው ክንዳቸው ስር ትራስ እያደረገች፣ በማንኪያ እያጎረሰች… ምስጋናዋ «ሂጂ» ነው። ልጃቸውን ሲያባርሩም በዓይኗ አይታለች። «ሰው የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው» ብላ ደምድማ ነበር።

አንድ ጠዋት ፊዚዮቴራፒስቱ መጣ። ግዙፍ፣ ጺማም ሰውዬ ነው። ብብታቸው ስር ገብቶ ሊያቆማቸው ደገፋቸው።

«አይዞዎት አባባ፣ ክብደትዎን እኔ ላይ ይጣሉት።»

«ሂጂ!»

«እንዴ! እኔ ደግሞ መቼ ነው ሴት የሆንኩት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ…

ነርሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

ጺማም ወንድን «ሂጂ»?

እጃቸውን አየችው። «ሂጂ» ያሉትን ሰውዬ ጋዋኑን ጨምድደው ይዘውታል። እንዳይለቃቸው!

ያኔውኑ የንግግር ሕክምና ባለሙያዋን ጠራቻት።

ባለሙያዋ ብርጭቆ አሳየቻቸው። «ይሄ ምንድን ነው አባባ?»

«ሂጂ።»

ማንኪያ አሳየቻቸው።

«ሂጂ።»

«ስምዎ ማን ነው?»

አፋቸውን ከፈቱ። በጣም ታገሉ…

«ሂጂ…»

በደህናው እጃቸው አፋቸውን መቱት። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ስትሮኩ የመታው ንግግራቸውን ነበር። ከዚያ ሁሉ ቃል አንድ ብቻ ተርፏል። ውሃ ሲጠማቸውም፣ ሲያመሰግኑም፣ «አትሂጂብኝ» ሊሉ ሲፈልጉም የሚወጣው እሱ ነው። ለምን እሱ ቃል እንደተረፈ ማንም አያውቅም።

ነርሷ ጎንበስ አለች። «አባባ… ልጅዎ እንድትመጣ ይፈልጋሉ? ከፈለጉ እጄን ይጨብጡኝ።»

ጨበጧት። እስኪያማት ድረስ።

ለልጃቸው ስልክ ደወለችላት።

«ተይኝ ሲስተር! ሰው ፊት እኮ ነው ያባረረኝ።»

«አላባረሩሽም እህቴ። ነይና በዓይንሽ እዪ።»

መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

«ሂጂ!» አሉ አባት… ግራ እጃቸውን ወደ እሷ ዘርግተው።

እጁ ምን እያለ እንደሆነ ያን ቀን ገባት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ እሳቸውም እጅጌዋን ይዘው፣ ተላቀሱ።

ውሸት ልነግራችሁ አልፈልግም… ሁሉም ነገር አልተስተካከለም።

ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። ጣቶቻቸውን እያንቀሳቀሰች፣ ቃላት እያስጠናች ከረመች። ዛሬ በምርኩዝ እስከ ግቢው በር ይራመዳሉ። «ውሃ» ይላሉ። «እሺ» ይላሉ። ከዚያ በላይ ግን ጥቂት ነው።

አንዳንዴ ትክ ብለው ያዩዋትና አፋቸውን ይከፍታሉ። የሆነ ነገር ሊሏት ይፈልጋሉ። ትጠብቃለች… አይመጣም። አፋቸውን መልሰው ይዘጋሉ።

ከዓመታት በፊት ከቤት ስላስወጧት ምን ሊሏት እንደሚፈልጉ ልጅቷ ዛሬም አታውቅም። ምናልባት መቼም አታውቅም።

ወዳጆቼ… የታመመ ሰው አፍ ሌላ፣ ልብ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቃሉን ሰምታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ዓይኑንና እጁንም እዩ። የተኳረፋችሁት ሰው ካለ ደግሞ፣ «ይቅርታ» የሚለውን አንደበታችሁ እየታዘዘላችሁ ሳለ ዛሬውኑ በሉት።

እስቲ ከልባችሁ መልሱልኝ… እናንተ በልጅቷ ቦታ ብትሆኑ፣ ሰው ሁሉ ፊት «ሂጂ» ተብላችሁ፣ ስልኩ ሲደወልላችሁ ተመልሳችሁ ትመጡ ነበር? ከታች ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።