መሬቱ የትም አይሄድም

ይህ ታሪክ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። አንዲት ቃል ከጨመርኩበት ምላሴ ይቆረጥ። ምስክርም አለኝ። እዚያ ጥግ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር የሚያስሩት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኳስ ዳኛ ነበሩ፤ ዛሬም "ዳኛው" ነው የምንላቸው። ያዩትን እንጂ ሌላ አይናገሩም። ካላመናችሁኝ እሳቸውን ጠይቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ አዳራሹ መሃል ቆሜያለሁ። እማማ ልብስ ሰፊዋ እግሬ ሥር፣ ምንጣፉ ላይ፣ በጀርባቸው ተኝተዋል። ነርሷ ልጃቸው ከራስጌያቸው ቆማ የእናቷን ቤት ቁልፍ ጨብጣለች።

"ብቻሽን ከመሬት ከተነሳሽ ቁልፉ ያንቺ ነው" ብላለች ገና ስትገባ። "ካልተነሳሽ ግን እማዬ፣ ዛሬውኑ ጓዝሽን ይዘሽ እኔ ጋ ነሽ።"

ክፋት የላትም። እናቷ ባለፈው ወር ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪደርስላቸው ሲሚንቶ ላይ ነው ያደሩት። ነገር ግን የልጅቷ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ የስፌት መኪናው አይገባም። "መኪናዬን ትቼ ከምሄድ እጄን ቆርጣችሁ ውሰዱት" ይላሉ እማማ።

እኔ በሥራ ቀን አውቶብስ ጋራዥ ውስጥ ፍሬን እጠግናለሁ። በከተማው ሳይገጭ የሚቆም አውቶብስ ሁሉ የሚቆመው በኔ እጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አሠልጣኝ ነኝ። ስታዲየም በሚያህል አዳራሽ፣ እሺ ይሁን፣ ሁለት አውቶብስ ተጠጋግቶ በሚያድርበት አዳራሽ፣ ጡረተኞችን ስፖርት አሠራለሁ። ትልቁ ጥበቤ ከመሬት መነሳትን ማስተማር ነው። "ወደ ጎን ዙሩ። በክርን ተደገፉ። ተንበርከኩ። አንድ እግር ወደፊት። አትቸኩሉ፣ መሬቱ የትም አይሄድም።" እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይስቁልኛል። ቤቴ ብሆን ገና አፌን ሳልከፍት ሚስቴ ሬዲዮኑን ታስጮኸዋለች። እነሱ ግን ፍሬኑ የተበጠሰ አውቶብስ በትከሻዬ ያቆምኩበትን ታሪክ እንኳ ቁጭ ብለው ሰምተውኛል፤ "ከዚያስ?" ብለውኛል። እግዜር ይስጣቸው። ሰው የሚሰማው ሰው ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል?

እማማ ዛሬ ንቅንቅ አይሉም። እስካለፈው ቅዳሜ ወንበር ይዘው ነበር የሚነሱት፤ ዛሬ ወንበር የለም።

"ይዙሩ እንጂ፣ እማማ።"

"ጠፋብኝ።"

"ምኑ?"

"ሁሉም። እሷ ስታየኝ ጠፋብኝ።"

የልጅቷ ስልክ ይጮኻል፤ ከሆስፒታል ነው። "መጣሁ" ብላ ወደ ኮሪደሩ ትወጣለች።

የኔ ተአምር የሚጀምረው ይሄኔ ነው። እንዴት እንደሚነሱ ላሳያቸው ብዬ ከጎናቸው ወደ ምንጣፉ እወርዳለሁ። አወራረዴ የነብር ነው። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ቋ ይላል። ወለሉ ጣውላ ነው፣ አሮጌ ጣውላ ደግሞ ይንቋቋል። ወዲያው ከደረቴ አንድ የጀግና ግሳት አወጣለሁ፤ መስኮቱን ያንቀጠቀጠ፣ አንበሳ ቢሰማው ይቅርታ ጠይቆ የሚሄድ ግሳት። ለእማማ ብርታት እንዲሆናቸው ነው። ሆናቸውም። ግሳቱ ገና ከአዳራሹ ሳይወጣ እማማ ቆመዋል። እኔ እዚያው ጋደም ብያለሁ፤ ሥራዬን ከታች ሆኖ ማየት ደስ ይለኛል።

ልጅቷ ተመልሳ በሩ ላይ ትገተራለች።

"ማነው ያነሳት?"

"እኔ ነኛ" እላለሁ። "በአንድ እጄ።"

ዐይኗን ትጨፍናለች። "በቃ፣ እማዬ። የፈራሁት ነው።" የቦርሳዋን ዚፕ ከፍታ ቁልፉን ልትከት ነው።

የተናገርኩት ምን እንደሆነ ያኔ ይገባኛል። ላስተባብል አፌን እከፍታለሁ፤ ትንፋሽ የለም። እማማ ያዩኛል። ቁልፉንም ያያሉ። ቤታቸው ከእጃቸው እየወጣ፣ እኔን ሰው ፊት ማሳፈር አልሆንላቸው ብሏል።

"የለም፣ ልጄ" ይላሉ ዳኛው። ክራቸውን እያሰሩ ነው፤ ቀና እንኳ አላሉም። ፊሽካ ከጣሉ ወዲህ ድምፃቸው ከፍ ብሎ አያውቅም። "ማንም አላነሳቸውም። እሱ ላሳይ ብሎ ሲወርድ ወገቡን ያዘውና ጮኸ። 'ወይኔ እናቴ!' ብሎ ነው የጮኸው። ያን ሲሰሙ ወደ ጎን ዞሩ፣ ተንበረከኩ፣ አንድ እግር አስቀደሙ፣ ተነሱ። ወንበር አልነኩም፣ ሰውም አልነካቸውም። የተነሱት እሱን ሊያነሱት ነው።"

ቋጠሮውን ጠበቅ ያደርጋሉ።

"አሁንም አልተነሳም። እይው።"

አዳራሹ በሙሉ ያየኛል። ልጅቷ ቦርሳዋን ሳትዘጋ ትጠጋና ቁልፉን ቀስ አድርጋ የእናቷ ሹራብ ኪስ ውስጥ ትጥለዋለች። እማማ ልብ አላሉም። ጎንበስ ብለው፣ መርፌ ያሻከረውን እጃቸውን ወደኔ ዘርግተዋል።

"ወደ ጎን ዙር፣ ልጄ" ይሉኛል። "አትቸኩል። መሬቱ የትም አይሄድም።"