የይቅርታው ድንጋይ

በዚያ ዓመት በረዶ በቆሎውን መሬት ላይ አነጠፈው። በበጋው ደግሞ በሽታ ሁለቱን በሬዎቼን ገደለብኝ። ልጆቼ በቀን አንዴ በሉ። ግንቦት ሲገባ የቡሬው ነጋዴ ጁማ የራሱን በሬዎች ከነቀንበራቸው አዋሰኝ፤ አረስኩ። ስመልስለት ኪራይ አልቀበልም አለ።

«ሲቸግረኝ እጠይቅሃለሁ።»

ዛሬ ጠየቀኝ።

ከሱቁ ጓሮ ተቀምጠናል። ስልኩ የጨው ጆንያ ተደግፎ ቆሟል። በስልኩ ውስጥ ካናዳ ያሉ አንዲት ዳኛ፣ አስተርጓሚያቸውና የጁማ ልጅ ኑዕማን ይታያሉ። ኑዕማን ጦርነቱን ሸሽቶ ሄዶ ጥገኝነት ጠይቋል። እዚህ ሳለ ግን ሰው ደብድቦ ተፈርዶበታል። ወንጀሉ ከባድ ነው ከተባለ ጥያቄው ይወድቃል፤ ይመልሱታል።

የደበደበው እኔን ነው።

«አባቴ፣ ለምን መታዎት?» ይላል አስተርጓሚው።

«እናቱን የሰደበ ሌላ ሰው ነው። በገበያው ግርግር ከኋላዬ ሲያየኝ እሱን መሰልኩት። ሁላችንም ያው ጋቢ ለባሽ ነን።»

«ጉዳት ደረሰብዎት?»

«በዱላ ነው የመታኝ። ክንዴ ተሰበረ።»

ሐዋ፣ የኑዕማን እናት፣ በሻሿ አፏን ትይዛለች። ጁማ መሬት መሬት ያያል። እንደማልዋሽ ያውቃል፤ አውቆ ነው የጠራኝ።

«ከዚያስ?»

«ፍኖተ ሰላም ታሰረ። በተፈታ ማግስት ድንጋይ ይዞ ደጄ መጣ።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን ያነሳሉ። «በድንጋይ ደግሞ ሊመታዎት?»

«ኧረ ወላሂ አይደለም!» ትጮሃለች ሐዋ።

«ይቅር በለኝ ሊል ነው እንጂ፣ እመቤቴ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይመጣል። የተበደለው ካላወረደለት አይወርድም። እኔ አወረድኩለት። ይኸው።»

ያኔ ያወረድኩለትን፣ አሁን መዝጊያዬን የማስደግፍበትን ድንጋይ በአህያ ጭኜ አምጥቼዋለሁ። ጎንበስ ብዬ አነሳዋለሁ።

«በየትኛው ክንድዎ ነው ያነሱት?»

«በተሰበረው። ጤነኛውማ አርጅቷል።»

ዳኛዋ ሳቃቸው ያመልጣቸዋል። ወዲያው ምስሉ ደርቆ ይቀራል፤ አፋቸው እንደተከፈተ። ጁማ ስልኩን እንደ አሮጌ ሬዲዮ በመዳፉ ይመታዋል።

«ሰውዬ፣ ዳኛ ይመታል?» እለዋለሁ።

ድምፁ ይመለሳል። አስተርጓሚው ቀስ ብሎ ይናገራል። «ወንጀሉ ጥገኝነት አያስከለክልም ብለዋል። ጥያቄውን ተቀብለውታል።»

ሐዋ እልልታዋን ታቀልጠዋለች። የጎረቤት ሱቅ ሰዎች ሰርግ መስሏቸው አንገታቸውን በአጥሩ ብቅ ያደርጋሉ። ኑዕማን በስልኩ ውስጥ እያለቀሰ ይስቃል።

«አያ ወልደ ዮሐንስ፣ ድንጋዩን ያውርዱት እንጂ!»

ረስቼው ኖሯል። እንደታቀፍኩት ቆሜያለሁ።

ጁማ ይነሳል። አጠገቤ ይመጣል። ሁለት እጁን ከድንጋዩ ሥር ይሰድና ከክንዴ ላይ ያወርድልኛል።

«አሁን ገና በሬዎቼ ቤት ገቡ» ይላል።